ጀርባዬን ነው

ልጅ ሳለሁ ጀርባዬን ያላሸልኝ ሐበሻ ሻርጃ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። እናቴ በሚያቃጥል የሜንቶል ቅባት፣ አባቴ በጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ለዒድ ሊጠይቁን የመጡ እንግዶች ደግሞ «እስቲ ዙሪ» እያሉ በባዶ አውራ ጣታቸው ያሹኝ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የታመመው ሳንባዬ፣ የሚታሸው ጀርባዬ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በጠየቁኝ ቁጥር «ጀርባዬን ነው» እያልኩ የመለስኩት እኔው ነኝ። ቢሆንም ያ ሁሉ ሰው ሲያሸኝ፣ አንድ እንኳ ጆሮውን ወደ ደረቴ ሳያስጠጋ ወራት ማለፋቸውን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የምንኖረው አል ናህዳ፣ ከዱባይ ጋር በሚያዋስነው መንገድ ዳር ባለ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ዱባይ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ይሠራል። ሥራ የሚሄድበትን ከተማ ከመስኮታችን ቁልጭ አድርገን እናየዋለን፤ ከዚያ ለመመለስ ግን ትራፊኩ በየማታው ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። እናቴ ደግሞ ቀን ቀን አንድ የአረብ ቤት እየሄደች ትሠራ ነበር። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ እንግዳ ከመጣባት እናቴን ቶሎ አትለቃትም። ስለዚህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ካወረደኝ ጀምሮ ከሁለቱ አንዳቸው እስኪመጡ ድረስ የምቆየው ምድር ቤት፣ አያ ይመር ክፍል ነበር።

አያ ይመር የሕንጻችን ናጡር ነበሩ፤ ዘበኛም፣ ጠራጊም፣ ቧንቧ ጠጋኝም ማለት ነው። የአባቴ የሩቅ ዘመድ፣ የወሎ ሰው ናቸው። ናጡር ከመሆናቸው በፊት ናይፍ ገበያ ውስጥ ለብዙ ዓመት ዕቃ ተሸክመዋል፤ ከዚያ ይዘውት የወጡት ሀብት ጎበጥ ያለ ወገብና «ጀርባን ለእኔ ተዉት» የሚል ትምክህት ነው። ክፍላቸው ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ነበረች፤ የመኪና ጭስና የሳሙና ሽታ ተቀላቅሎ ይሸታል። የጣሪያው መብራት ስለሚጮህ ያጠፉትና ከአልጋቸው አጠገብ፣ በተገለበጠ የፍራፍሬ ሣጥን ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ያበሩ ነበር። የመግሪብ ሶላታቸውን ሰግደው ሲቀመጡ፣ በዚያች ቢጫ ብርሃን ፊታቸው ግማሹ ጨልሞ ግማሹ በርቶ፣ ተረት ይነግሩኝ ነበር።

ተረታቸው ሕግ ነበረው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓረፍተ ነገር በጨረሱ ቁጥር «እሺ» ማለት አለብኝ፤ ያውም አፍ ሞልቶ። ካላልኩ ያቆማሉ። «እሺ የማይል ሰው ካለ ለግድግዳው ባወራው ይሻለኛል» ይሉ ነበር። አንዳንዴ ጥሩው ቦታ ላይ ስንደርስ አፌን ከፍቼ እሺ ማለት ስለምረሳ ያቆሙትና አንጀቴን ያሳርሩታል። የሚያወሩት ሁሌም ስለ አያ ጅቦ ነው። እሳቸውም አያ፣ ጅቡም አያ ስለሆነ፣ ያኔ በልጅ አእምሮዬ ሁለቱ ዘመዳሞች ይመስሉኝ ነበር።

ጀርባዬን ነው የማለቱ ጣጣ የተጀመረው አየሩ ከሙቀት ወደ ቀዝቃዛው ወራት ሲዞር፣ አስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉኛ የተነሳብኝ ሰሞን ነው። ክሊኒክ ወሰዱኝ፣ ወደ አፍ የምትነፋ ሰማያዊ መድኃኒት፣ እኛ ቤት ፓፍ የምንላትን፣ ሰጡኝና ተመለስን። ተኝታለች ብለው ሲያወሩ እናቴ ለአባቴ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«ይኼ አገር ለልጅቷ አልተስማማትም። አንዴ ደግሞ ትንፋሿ እንዲህ ከሆነ ደሴ፣ እኅቴ ጋ እልካታለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

የደሴዋን አክስቴን የማውቃት በስልክ ብቻ ነበር፤ ገና «ሄሎ» ሳልል «ቁርአን የት ደረስሽ?» የምትል ድምፅ ናት። ደሴ ላይ እናቴ የለችም፣ አባቴ የለም፣ አያ ይመርም የሉም። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ለሰው እስከተናገርኩት ድረስ፣ ትንፋሽ የሚባል ነገር አላመመኝም።

ጀርባዬ ግን የምሬን ያመኝ ነበር። አስም ያለበት ሰው ያውቀዋል፤ አየር ለመሳብ ስትታገልና ስትስል ውለህ ስታመሽ በትከሻና በትከሻህ መሀል፣ ከጎድን አጥንትህም ሥር፣ ከባድ ዕቃ ስትሸከም የዋልክ ይመስል ሥጋህ ይቆስላል። ጀርባ ደግሞ የተፈቀደ በሽታ ነበር። በጀርባ ምክንያት ደሴ የተላከ ልጅ ሰምቼ አላውቅም። እዚህ አገር ጀርባውን የማያመው ማን አለ? ዕቃ የሚሸከመውም፣ ቤት የሚያጸዳውም፣ ወንበር ላይ የሚውለውም ጀርባዬን ይላል። እኔም አልኩ።

ከዚያማ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አባቴ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ሚዛን ላይ አውጥቶ «ያረቢ! ይኼን ለበቅሎም አይጭኑት!» ብሎ ጎማ ያለው ቦርሳ ገዛልኝ። እሱ እንኳ ደግ ነው፤ ቢያንስ አልጎዳኝም። እናቴ ግን ነገሩን ገና ሳትሰማው «ብርድ ነው» ብላ ፈርዳ ነበር። ሻርጃ ውስጥ ብርድ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ተሰጥኦ ነው፤ እናቴ ተሰጥኦው አላት። ኤሲውን አጠፋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ካልሲ አደረገችልኝ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበችብኝ። በዚያ ላይ ማዳም የሰጠቻትን በኹር፣ አረቦቹ ቤት የሚያጥኑበትን መዓዛማ እንጨት፣ በየማታው ታጤስ ጀመር። ፍሙ በትንሿ ማጤሻ ውስጥ ሲቀላ፣ ጭሱ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ተጠቅልሎ ሲወጣ ዛሬም ይታየኛል። «አየሩን ያጠራልሻል» ትለኝ ነበር። እኔ ካልሲዬን አድርጌ፣ አልቦኝ፣ ዓይኔ እያነባ፣ «አዎ እማ» እላለሁ። ሌላ ምን ልበል?

አያ ይመር ደግሞ የሲሚንቶ ሐኪም ነበሩ። «ለጀርባ እንደ ወለል ያለ መድኃኒት የለም» ብለው ክፍላቸው ውስጥ አንዲት ስስ ምንጣፍ ያነጥፉና በጀርባዬ ቀጥ አድርገው ያስተኙኛል። አስም የተነሳበትን ሰው በጀርባው አንጋሎ ማስተኛት ማለት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ልተወው። ጣሪያውን እያየሁ፣ በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ እየሳብኩ፣ ድምፅ እንዳይወጣ በከንፈሬ እየቀነስኩ እለቀው ነበር። «ተሻለሽ?» ይሉኛል። «ተሻለኝ» እላለሁ። ደስ ይላቸዋል፣ በማግስቱ ይደግሙታል።

ፓፏን የምወስደው መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ነበር፤ እንዳይሰሙኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ መድኃኒቱም ነበረኝ፤ እያለቀ መሆኑ ነው እንጂ። ብነቀንቃት ድምጿ እየቀለለ ሄደ። ሌላ ግዙልኝ ካልኩ አስሙ ተመልሷል ማለት ነው፣ አስሙ ተመልሷል ካልኩ ደሴ ማለት ነው። በአንድ ትንሽ ጭንቅላት ይኼን ሁሉ ስሌት ይዤ ትምህርት ቤት እየሄድኩ፣ የማባዛት ሰንጠረዥ አልገባኝ ሲል አስተማሪዋ ትቆጣኝ ነበር።

ፓፏ ጭርሱን በደረቀች በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ዋለ። የአሸዋ ነፋስ ነበር። ከአውቶቡሱ ወርጄ አያ ይመር በር እስክደርስ ድረስ ሁለቴ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እሳቸው እርጥብ ጨርቅ ይዘው የበሩን ሥር እየደፈኑ ነበር። «ምነው?» አሉኝ።

«ጀርባዬን ነው» አልኩ።

ምንጣፏን አላነጠፉም። ወንበሩን ሰጡኝና እሳቸው አልጋው ላይ ተቀምጠው አዩኝ። መግሪብ ሰገዱ። ከዚያ ትንሿን መብራት አበሩና «ተረት ተረት» አሉ።

«የላም…» ብዬ የቀረውን ራሴን በመነቅነቅ ጨረስኩት።

በሌላ ቀን ቢሆን ያቆሙ ነበር። ያን ቀን ግን ቀጠሉ።

«ከዕለታት አንድ ቀን አያ ጅቦ በረት ገብቶ ጥጃ ሊነጥቅ ሲል ባለቤቱ ደረሰበት። ጥጃው አመለጠ። አያ ጅቦ ግን በድንጋጤ የጥጃውን ቃጭል ከነማሰሪያው ዋጠው።»

«እሺ።»

«ከዚያ ወዲያ በተነፈሰ ቁጥር ሆዱ ውስጥ ቅጭል ይላል። ወደ ውስጥ ሲስብ ቅጭል፣ ወደ ውጭ ሲያወጣ ቅጭል። አራዊቱ ደግሞ ‘የሰው ከብት የነካ ከዚህ አገር ይባረራል’ ብለው ተማምለዋል።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። አየሩ አልበቃኝም። ራሴን ነቀነቅኩ። አያ ይመር ሳይቆጡ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቀጠሉ።

«ጉባኤ ተጠራ። አያ ጅቦ ቃጭሉ እንዳይሰማበት ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። ፊቱ ሲጠቁር ያዩት ‘ምን ሆንክ?’ ቢሉት ‘ጀርባዬን ነው’ አለ። ዝንጀሮ አሸው። ቀበሮ ቅጠል አጤሰችለት። ጅሉ ዝሆን ደግሞ ተነስቶ ‘ለጀርባ እንደ ወለል ያለ መድኃኒት የለም’ አለ።»

ዝሆኑ ማን እንደሆነ ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ሳል ተለወጠና ቆመ። አያ ይመር ተረቱን እየፈለሰፉት እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከማንም ሰምቼው አላውቅም። ውጭ ነፋሱ አሸዋውን በሩ ላይ ይረጨዋል። ክፍሏ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ደረት ብቻ ነበር፤ ሲስብ ያፏጫል፣ ሲለቅ ያፏጫል።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ቃጭሉ ይሰማኛል።»

«ጀርባ… ዬን… ነው።»

«አይደለም።»

«ለእማ… እንዳይነግሩብኝ… ደሴ… ትልከኛለች።» ይህችን ለመናገር ስንት ጊዜ እንዳረፍኩ አላህ ያውቃል።

ተናደዱ። እንደዚያ ተናደው አይቻቸው አላውቅም። «ዋላሂ አንቺ ልጅ ሞኝ ነሽ! ደሴ ለመሄድ እኮ መጀመሪያ መተንፈስ ያስፈልጋል!» ብለው ብድግ አሉ። ፓፏ የት እንዳለች ጠየቁኝ፤ ባዶዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። እናቴ ጋ ደወሉ፣ አታነሳም። አባቴ ጋ ደወሉ፣ መንገድ ላይ ነው፣ መኪናው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ነፋስ ታክሲ አይገኝም። ክሊኒኩ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ጎንበስ አሉልኝ።

«ውጪ ጀርባዬ ላይ።»

አዝለውኝ ወጡ። መንገዱን ሙሉ አላቆሙም፤ መራገማቸውንም አላቆሙም። «ሙሽኪላ ናችሁ፣ ጣጣ! አንቺም ሙሽኪላ፣ እናትሽም ሙሽኪላ፣ ይኼ ነፋስም ሙሽኪላ!» አፍንጫዬን በሻሻቸው ሸፍኜ፣ ክንዶቼን በትከሻቸው ላይ ጥዬ፣ ወደ ፊት ደፋ ብዬ ተንጠልጥያለሁ። የሚገርመው፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬ ረገብ አለልኝ። ያ ሁሉ ቅባት፣ ያ ሁሉ ወለል ያልሠራውን ያ ጎባጣ ጀርባ ሠራው። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ አራት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሲያገግሙም ለመጣ ለሄደው «ይችው ናት የጣለችኝ» እያሉ በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር።

ክሊኒክ ውስጥ ጭንብል አደረጉልኝ፤ መድኃኒቱ እንደ ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ዓመት ካጨሱብኝ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ብቻ ነው። ትንፋሼ መለስ ሲልልኝ አባቴ ደረሰ፣ እናቴም የሥራ ልብሷን እንዳደረገች እየሮጠች ገባች። ሐኪሟ ቀኑን ሙሉ በአሸዋው ምክንያት የሚያስል ሰው ስታይ የዋለች፣ ፊቷ የዛለ ሴት ነበረች። እናቴ ገና ከመግባቷ በአረብኛ «ጀርባዋስ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሐኪሟ ሁለቴ አስረዳች፤ አንዴ ለእናቴ በአረብኛ፣ አንዴ ለአባቴ በእንግሊዝኛ። አየር ሲያጥራት የጎድኗና የጀርባዋ ጡንቻ ለመሳብ ይታገላል፣ ሳሉም ይጨምርበታል፣ ስለዚህ ይቆስላል አለች። መጀመሪያ ትንፋሿ ይታከም፤ መድኃኒቷ እንዳያልቅ፣ በሰዓቱ ትውሰድ። ሲነሳባት በጀርባዋ አታስተኟት፤ ተቀምጣ፣ ትራስ አቅፋ፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ወደ ፊት ትደገፍ። ትንፋሿ ከረጋ በኋላ ለብ ያለ ጨርቅ ጀርባዋ ላይ አድርጉላት፣ ትከሻዋን ቀስ እያለች ታፍታታ። ጭስ የሚባል ነገር እንዳይደርስባት። እናቴ ሁሉንም በጥሞና ሰማችና «ብርዱስ?» አለች። ሐኪሟ ጣሪያውን አየች።

ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ለምን አልነገርሽኝም? ይኼን ሁሉ ጊዜ እያሸሁሽ!»

አያ ይመር ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል።

«ዘይነባ» አሏት፣ «ልጅቷ በሽታውን አልፈራችም። የፈራችው አንቺን ነው። ደሴ ትልከኛለች ብላ ነው።»

እኔ የጠበቅኩት እናቴ ተቆጥታ «አዎ፣ እልካታለሁ!» እንድትል ነበር። ጫፍ ላይ እንደነበረች ከፊቷ አውቃለሁ። ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ካልሲዬን አወለቀችልኝ። ለምን ካልሲዬን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቤት እንደገባን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ደሴ ደወለች። የአክስቴ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «አትመጣም» አለች እናቴ። ከወዲያ ምን እንደተባለች አላውቅም፤ እሷ ግን ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። «አዎ ታማለች! አውቃለሁ፣ አውቃለሁ አየሩ… ሐኪሙ እዚህም አለ። ብትታመምም እኔው ጋ ትታመም!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ የማዳምን በኹር ከነማጤሻው አንስታ ኮሪደር ላይ አወጣችው። ኤሲውን ግን አላበራችውም፤ ሰው ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን አይማርም።

ያን ማታ ትራስ አቅፌ፣ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብዬ፣ የወራት ሳሌን አውጥቼ ሳልኩት። በከንፈሬ አልቀነስኩትም፣ በብርድ ልብስ አላፈንኩትም፣ ቧንቧ አልከፈትኩበትም። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሁን ዱባይ ውስጥ ባንክ እሠራለሁ፣ የምኖረው አጅማን ነው። አስሙ አልለቀቀኝም፤ ጀርባዬም እንደ ታማኝ ጎረቤት አስሙ በመጣ ቁጥር ተከትሎ ይመጣል። የቢሮ ሰው ወንበር ቀይሪ ይለኛል፣ ጂም ግቢ ይለኛል፣ ማሳጅ ቤት ይጠቁመኛል፤ ሁሉንም ስሰማ ይደክመኛል። አያ ይመር ጡረታ ወጥተው ወሎ ገብተዋል፤ በስልክ ስናወራ ዛሬም ስለ ሲሚንቶ ይመክሩኛል። እናቴ ከዚያ ሁሉ የሐኪም ማብራሪያ በኋላም በሽታዬ ብርድ መሆኑን አትጠራጠርም። የሚያናድደኝ ግን ከሁሉም በላይ የራሴ ምላስ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ ማንም የትም ሊልከኝ ሳይችል፣ በገዛ ቪዛዬና በገዛ ደሞዜ እየኖርኩ፣ መጀመሪያ ወደ ጀርባዬ ይሮጣል። እጎትተዋለሁ። «አስም አለብኝ፣ ትንፋሼን ነው» እላለሁ። ሜትሮ ውስጥም ቢሆን ፓፌን ሰው ፊት አውጥቼ እወስዳለሁ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አሳርፌ፣ ደፋ ብዬ እስኪወጣልኝ ድረስ እስላለሁ። የሚያየኝ ይየኝ፤ የፈለገ ይራቅ።